የሳሩ ዋስ

አባቴ ሰው የሚጠላ ሰው አይደለም፤ እኔን ሊጠይቅ የመጣ ሰው ሲሆን ግን እንከን ይፈልግበታል። ታዲዎስ መጀመሪያ ሽማግሌ የላከ ጊዜ «ፋሲካ ይለፍና እንነጋገራለን» ብሎ መለሳቸው። ሁለተኛ ሲመጡ «የልጁን ቤተሰብ ላጣራ» አለ። ምን እንዳጣራ እሱና ፈጣሪ ይወቁት፤ ከሶፋው ሳይነሳ ዜና ሲያይ ነው የከረመው። ሦስተኛውን ቀጠሮ ለሰኔ ሁለት እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሰጠና «ከዚህ ወዲያ መመላለስ የለም፤ የዚያን ዕለት እሺም ከሆነ እሺ፣ እምቢም ከሆነ እምቢ ብዬ እዘጋዋለሁ» አለ። እምቢ ካለ አለቀ ማለት ነው። እኔ አባቴን አስከፍቼ የማገባ ዓይነት ሴት አይደለሁም፤ ብሆን ኖሮ እስካሁን ሁለት ልጅ በወለድኩ።

ቅድስት እባላለሁ። ለገሃር አካባቢ አንድ ኢንሹራንስ ቢሮ ውስጥ የመኪና ግጭት ፋይል ነው የምይዘው። ማን ማንን እንደገጨ ቀኑን ሙሉ ስሰማ እውልና ማታ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ወዳለው ቤታችን እገባለሁ። እዚያ ደግሞ አባዬ አለ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነን።

አባዬ፣ ማለትም ዳኛ ገብረክርስቶስ፣ ዕድሜውን የጨረሰው በደጋ ወረዳዎች የበግ ግጦሽ ክርክር ሲያይ ነው። ሌላው ልጁን በተረት ያስተኛል፤ እኔ ያደግሁት «የላይ ሰፈር በጎች ክልሉን ጥሰው የታች ሰፈርን ሳር በሉ» እየተባልኩ ነው። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ሳልሰማ እንቅልፍ ይዞኝ ይሄድ ነበር። ጡረታ ሲወጣ አዲስ አበባ ገባን፤ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ የግጦሽ ክርክር የለም። መጀመሪያ ሰሞን እናቴን ያከራክራት ነበር። እሷ ስትሄድ ዝም አለ። ከቤት የሚወጣው ለቅዳሴ ብቻ ሆነ፤ ሲመለስ ሶፋው ላይ ይቀመጣል፣ ሪሞቱን ያነሳል፣ አለቀ።

ታዲዎስ ደምበል አጠገብ የሕንፃ ንድፍ ይሠራል። የሚኖረው ካዛንቺስ፣ አንድ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ነው። አባቱ በልጅነቱ ስለሞተበት ሽማግሌ አድርጎ የላከው ጎረቤቶቹን ጋሽ ፍቅሬንና ጋሽ ዘይኑን ነው፤ ሦስተኛው ጎረቤት ካሳይ የሚሄዱት ለቁጥር ነው። ጋሽ ፍቅሬ የመንዝ ሰው ናቸው፣ የባቡር ጡረተኛ፤ ኮፍያቸውን ሲተኙም የሚያወልቁ አይመስለኝም። ጋሽ ዘይኑ ከወሎ የመጡ፣ ስታዲየም ዙሪያ ማልያና ታኬታ ጫማ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። ሁለቱ የግቢው አስታራቂዎች ናቸው። ባልና ሚስት ሲኮራረፉ፣ የላይኛው ቤት ውሃ የታችኛውን ኮርኒስ ሲያበላሽ፣ የሚጠሩት እነሱ ናቸው፤ አንዱ ያስፈራራል፣ አንዱ ያባብላል፣ ነገሩ ያልቃል። እንደነሱ የሆነ አስታራቂ የለም ይባላል። ችግሩ፣ እነሱ ራሳቸው ሲጣሉ የሚያስታርቃቸው ሰው ከግቢው ውስጥ አለመገኘቱ ነው።

ቀጠሮው ሁለት ቀን ሲቀረው ታዲዎስ ቢሮ ደወለልኝ።

«ቅዱ፣ ጉድ ሆነናል። ሽማግሌዎቼ ተጣሉ።»

«በምን?»

«በሳር።»

ፋይሌን ዘጋሁት። በሁለቱ ብሎኮች መሃል የመረብ ኳስ ሜዳ የምታህል ሳር አለች፤ የሁሉም ነዋሪ ናት። ዘንድሮ አረፋና የሰኔ ሚካኤል ሳምንት እንኳን ሳይራራቁ ዋሉ። ጋሽ ዘይኑ ለአረፋ፣ ጋሽ ፍቅሬ ደግሞ ለሚካኤል ማኅበራቸው በጊዜ በግ ገዙ። ዝናቡ ሲጀምር ሳሯ ብቅ አለች፤ ሁለቱም የአገር ቤት ልጆች ናቸውና ተመካክረው በሲባጎ ከለሏት። ግንቦት እስኪያልቅ ማንም አይነካትም፣ ከዚያ እኩል ከፍተን እናግጣለን ብለው ተማማሉ። ግንቦት ሳያልቅ ሳሯ አለቀች።

«ጋሽ ፍቅሬ ጋሽ ዘይኑ በላው ይላሉ፣ ጋሽ ዘይኑ ጋሽ ፍቅሬ በላው ይላሉ» አለ ታዲዎስ።

«በጉ ነው የበላው።»

«እሱን ማንም አልካደም። በቃ፣ እሁድ አብረን አንሄድም ብለዋል። ሌላ ሽማግሌ ልፈልግ?»

በሦስተኛው ቀጠሮ አዲስ ፊት ይዞ መምጣት ለአባዬ እንከን በሰሃን ማቅረብ ነው። «ለምናቸው» አልኩት። ለመናቸው። እንዴት እንደለመናቸው አላውቅም፤ እሺ ያሉት ግን ላለመነጋገር ተስማምተው ነው።

እሁድ መጡ። እኔ እንደ ወጉ ጓዳ ገብቼ በሩን ገርበብ አድርጌ ቆምኩ። ይህ ወግ ሁልጊዜ ያናድደኛል። ሽማግሌ ይጠየቃል፣ አባት ይጠየቃል፣ ዘመድ ይጠየቃል፤ የሚያገባው ሰው ግን ጓዳ ቆሞ በሩን ይጠብቃል። ቢሮዬ ውስጥ የተገጨ መኪና እንኳን ምርመራ ይደረግለታል።

ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይያዝለት አይቀመጥም፤ ስለዚህ ቆሙ። ግን ጋሽ ፍቅሬ በሩ ጋ፣ ጋሽ ዘይኑ መስኮቱ ጋ። በመሃላቸው አንድ ሙሉ ሳሎን ነበር።

«ሦስት ነበራችሁ» አለ አባዬ። «አንዱ የት ቀሩ?»

«ካሳይን አሟቸዋል» አሉ ጋሽ ፍቅሬ።

«አላመማቸውም» አሉ ጋሽ ዘይኑ። «የእኛ ጭቅጭቅ ሰልችቷቸው ነው የቀሩት። እኔ ዋሽቼ የሰው ልጅ አልጠይቅም።»

ሶፋው ሲንቋቋ ሰማሁ፤ አባዬ ቀና ብሎ ተቀመጠ ማለት ነው። «ተኮራርፋችኋል?»

አንዱ ወደ በሩ፣ አንዱ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«የተኮራረፈ ሰው ሽማግሌ አይሆንም» አለ አባዬ፣ በደስታ ነው የምለው፤ እንከን ሲያገኝ ድምፁን አውቀዋለሁ። «ራሳችሁ ሳትታረቁ ሰው ልታዛምዱ መጣችሁ። ሥርዓቱ ከመጀመሪያው ጎድሏል። እንግዲህ ዋናውን ጥያቄ ማየት ሳያስፈልገኝ…»

የጤፍ ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ። ሦስት ዓመት ከታዲዎስ ጋር የተመላለስኩበት መንገድ በሁለት በግ ሊዘጋ ነው። ማልቀስም መሳቅም እኩል አማረኝ።

አባዬ ግን ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። ቴሌቪዥኑን አጠፋው። በእኛ ቤት ቴሌቪዥን በቀን አይጠፋም።

«ለመሆኑ በምንድን ነው የተጣላችሁት?»

«በግጦሽ» አሉ ጋሽ ዘይኑ፣ እንደማፈር ብለው።

«በግጦሽ» አለ አባዬም። «የግል ነው የወል?»

«የወል።»

«የተከለለ ነው ያልተከለለ?»

«የተከለለ» አሉ ጋሽ ፍቅሬ። «ያውም ተማምለን የከለልነው። በእኛ አገር የተከለለ ሳር የነካ ሰው ከሰው አይቆጠርም።»

«በእኛም አገር» አሉ ጋሽ ዘይኑ። «ለዚህ ነው እኔ እርስዎን ከሰው መቁጠር ያቃተኝ።»

«በተራ፣ በተራ» አለ አባዬ። «እዚህ ተከራካሪ የሚናገረው ሲፈቀድለት ነው። መነጽሬ የት ነው?»

መነጽሩን ካወጣው ስንት ጊዜው ነው። ዕቃ እያንኳኳ ሲፈልግ ሰማሁ፣ ሲያገኘውም ሰማሁ። ከዚያ ጥያቄ ጀመረ፤ ሲባጎው በምን ታሰረ፣ በጎቹ የት ያድራሉ፣ መጀመሪያ ኮቴ ያየው ማነው። ድምፁ ወጣት ሆነ። እናቴ በሕይወት እያለች እራት ላይ ሲከራከራት የነበረውን ድምፅ ካልሰማሁት ቆይቻለሁና፣ እውነቴን ነው፣ ለአፍታ ስለ ጋብቻዬ ረሳሁ። አባቴ ናፍቆኝ ነበር፤ እዚያው እቤት ውስጥ ሆኖ ናፍቆኝ ነበር።

ጋሽ ዘይኑ ግን የመጡበትን አልረሱም። ነጋዴ ናቸውና ክፍተት ሲያገኙ ገቡበት። «ክቡር ዳኛ፣ እንዲያው ካነሳነው አይቀር፣ ልጅም ቢሆን እኮ እንደ ሳር ነው። ሁልጊዜ ተከልሎ አይኖርም፤ ጊዜው ሲደርስ ይከፈታል…»

«እኔ ሳር አይደለሁም» አልኩ ከጓዳ።

ምላሴን በነከስኩት ብዬ ቆምኩ። ወግ የምታውቅ ሴት ከጓዳ አትናገርም።

«ማነው እዚያ?» አለ አባዬ፤ ማን እንደሆነ ጠፍቶት አይደለም። «በሩ ሥር ቆመሽ ከምታዳምጪ ብዕር ይዘሽ ነይ። ጸሐፊ ያስፈልገናል። ሳሩን ሄደን ሳናይ ይህ ነገር አይወሰንም።»

ራይድ ጠራሁ። አባዬ ከፊት ተቀመጠ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጎን ለጎን አንቀመጥም ስላሉ እኔ መሃላቸው ገባሁ፤ የድንበር ድንጋይ ሆንኩ። እስከ ስታዲየም ድረስ ማንም ትንፍሽ አላለም። ሹፌሩ በመስታወት ሲያየን ቆይቶ «ለቅሶ ነው?» አለ።

«ቦታ ልናይ ነው» አለ አባዬ።

«አሃ፣ ቦታ ልትገዙ ነው። ጥሩ ደላላ አውቃለሁ።»

«የሚሸጥ አይደለም፣ የወል ነው» አለ አባዬ፣ እስከ ካዛንቺስም የወል ይዞታ ምን እንደሆነ አስረዳው። ሹፌሩ ሲያወርደን አምስት ኮከብ ስጡኝ እንኳን ሳይለን ነው የሄደው።

ግቢው ውስጥ ሳሯ እንደተነገረኝ ናት፤ ዙሪያዋን ሲባጎ፣ መሃሏ ጭር ያለ። ጥግ ላይ ሁለት በጎች በየራሳቸው ምሰሶ ታስረዋል። የጋሽ ፍቅሬ ነጭ ነው፤ የጋሽ ዘይኑ ቀይ ሆኖ የፊት እግሩን ያነሳል። የጋሽ ዘይኑ ባለቤት እትዬ ጀሚላ አባዬን ከበረንዳ ሲያዩ የፕላስቲክ ወንበር ይዘው ወረዱ። አባዬ ሳሯን ዞራት። ጎንበስ አለ፣ ሲባጎውን በጣቱ ነካ፣ የበጎቹን ኮቴ በስንዝር ለካ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ችሎት ከፈተ። ከየበረንዳው ሰው ብቅ ብቅ ማለት ጀመረ።

ጋሽ ፍቅሬ ተናገሩ። «የእሱ በግ የታሰረው ከክልሉ ውጭ ነው፤ ልክ ነው። ገመዱ ግን በየቀኑ ይረዝማል። በጉ ከውጭ፣ አንገቱ ከውስጥ ነው የከረመው።»

ጋሽ ዘይኑ ተናገሩ። «እሳቸው ጎህ ሲቀድ ኪዳን ልሳለም ብለው ይወጣሉ። ይውጡ። ግን ክቡር ዳኛ፣ በግ ይዞ ኪዳን የሚሄድ ሰው አይተው ያውቃሉ? ይህ ሳያንስ በጋቸው በጌን ወግቶት ይኸው ያነክሳል። አንካሳ በግ ለአረፋ አይታረድም። እኔ ባዶ እጄን ልዋል ወይ?»

«ምስክር አላችሁ?»

ሁለቱም ወደ አንድ በር አዩ። ሳሯን ፊት ለፊት የሚያያት አንድ መስኮት ብቻ ነው፤ የታዲዎስ። ታዲዎስ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፣ ሸሚዙን አጥልቆ፣ ካልሲውን ግን ሳያደርግ። ሽማግሌዎቹን ልኮ እቤቱ ጥፍሩን ሲበላ ነው እኛ ጀመዓውን ይዘን የደረስንበት። እኔን በብዕርና በወረቀት ሲያየኝ ፊቱ ላይ የነበረውን ነገር ዕድሜ ልኬን አልረሳውም።

አባዬ ከላይ እስከ ታች አየው። አይቶት አያውቅም ነበር። «አንተ ነህ ታዲዎስ የምትባለው?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ዛሬ የተጠራኸው ለምስክርነት ነው። ሌላውን ጉዳይ አላውቅም፣ አልሰማሁም። ያየኸውን ተናገር።»

እኔ ወረቀቱ ላይ አቀረቀርኩ። አንዱን ቢከስ አንዱ ሽማግሌ ይቀየመዋል። አላየሁም ቢል ደግሞ አባዬ ውሸት ጠላቱ ነው፤ ከአንድ ኪሎ ሜትር ይሸተዋል። የትም ቢሄድ ገደል ነው።

ታዲዎስ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሽ ፍቅሬ ጠዋት ጠዋት በጉን ጋቢ አልብሰው ያስገቡት ነበር።»

በረንዳው ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ፍቅሬ ኮፍያቸውን ወደ ታች ጎተቱ።

«ጋሽ ዘይኑ ደግሞ» አለ ታዲዎስ፣ «በየማታው አንድ የታኬታ ማሰሪያ ገመዱ ላይ ይቀጥሉ ነበር። አሁን ብታዩት ግማሹ ገመድ፣ ግማሹ የጫማ ማሰሪያ ነው።»

አባዬ ገመዱን አስመጥቶ አየ። ነጭ፣ ጥቁር፣ ቢጫ፣ አንድ ሁለት ደግሞ የሚያብረቀርቅ። «ዘይኑ፣ አንተ ሰው» አሉ እትዬ ጀሚላ፣ «ከሱቅ ጎደለ እያልክ ሰውን ስትጠረጥር አልከረምክም?»

«የተከራካሪ ሚስት አትናገርም» አለ አባዬ። ከወንበሩ ተነስቶ የሰንበት ሱሪውን ሳይሳሳለት በቀዩ በግ ፊት ተንበረከከ። እግሩን አንስቶ በሁለቱ ሰኮናዎች መሃል ጣቱን ከተተና አንድ ቆርኪ አወጣ፤ የቢራ። «ይህ በግ አልተወጋም» አለ። «ቆርኪ ረግጦ ነው። ሁለት ቀን ቢያርፍ ይድናል፤ ለአረፋም ይደርሳል።» ጋሽ ዘይኑ ቆርኪውን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። ጋሽ ፍቅሬን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አይተው «በዚህስ በድዬዎታለሁ» አሉ፣ ቀስ ብለው።

አባዬ ተቀመጠና ፈረደ። እኔ ጻፍኩ። ሳሩ የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው። ሁለቱም ክልሉን ጥሰዋል፣ ስለዚህ አንዱ የሌላው ካሳ የለበትም። እስከ አረፋ ጠዋት የዘይኑ፣ ከሰዓት የፍቅሬ በግ ይግባ። ከአረፋ ወዲያ እስከ ሚካኤል የፍቅሬ ብቻ። ከዚያ እስከ መስከረም ይከለል፤ ጋቢ የለበሰም ሆነ ያልለበሰ በግ አይግባበት። «አሁን ዋስ ጥሩ» አለ። «ዋስ የሌለው እርቅ እስከ በሩ ነው።»

ጋሽ ፍቅሬ ካሳይን ጠሩ፤ ጋሽ ዘይኑ «ዛሬ አመመኝ ብሎ የቀረ ነገ አይገኝም» አሉ። ጋሽ ዘይኑ የግቢውን ዘበኛ ጠሩ፤ ጋሽ ፍቅሬ «እሱ እኔ በጉን ይዤ ሳልፍ እንደምን አደሩ ያለኝ ሰው ነው» አሉ። እንዲህ አንድ አሥር ሰው ጠርተው ጣሉ። በመጨረሻ ሁለቱም በአንድ አፍ «ታዲዎስ» አሉ።

«የመሰከረባችሁን?» አለ አባዬ።

«ስለመሰከረብን ነዋ» አሉ ጋሽ ዘይኑ። «ለማንም አላዳላም። መስኮቱም እዚሁ ነው።»

አባዬ ራሱን ነቀነቀ። «አይሆንም። ጎጆ ያልወጣ ሰው ዋስ አይሆንም። ይህን እኔ አላወጣሁትም፣ በሠራሁበት አገር ሁሉ እንዲህ ነው። ትዳር የሌለው ሰው ዛሬ እዚህ ነው፣ ነገ ዕቃውን በአንድ ፒክአፕ ጭኖ ይሄዳል። እሱን ማን ይይዘዋል?»

እኔ ከአባዬ በፊት ነው የገባኝ። ብዕሬን አቆምኩ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከዚያ ጋሽ ፍቅሬ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ የሚወልቅ ኮፍያ ኖሯል። ጋሽ ዘይኑ ሄደው ከጎናቸው ቆሙ፣ ትከሻ ለትከሻ።

«ክቡር ዳኛ» አሉ ጋሽ ፍቅሬ፣ «ከጠዋት ጀምሮ ቆመናል፤ መኪናው ላይ ካልሆነ አልተቀመጥንም። አሁን ታርቀናል፣ ያስታረቁን እርስዎ ነዎት። ሥርዓቱ ሞልቷል። ጥያቄያችን አንድ ነው፤ ዋሳችን ጎጆ ይውጣልን።»

አባዬ ይህን የመሰለ ነገር ከሌላ ሰው ላይ ቢያይ ኖሮ በሳቅ በፈረሰ። ግራ ቀኝ አየ። በረንዳ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ያየዋል፣ ፍርዱን ደግሞ ራሱ ነው የፈረደው።

«ልጁን አላውቀውም» አለ። «ለዋሱስ ማነው ዋሱ? እናንተ አትሆኑም፣ ተከራካሪዎች ናችሁ።»

እትዬ ጀሚላ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ በእጁ አስቆማቸው። ታዲዎስ እግሩን ያያል። እኔ ስንት ወር ጓዳ እንደቆምኩ ትዝ አለኝ፤ ማንም አንቺስ ሳይለኝ። ወረቀቱን አጥፌ እትዬ ጀሚላ እጅ ላይ አስቀመጥኩ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ጸሐፊ ዋስ አይሆንም» አለ አባዬ።

«ጽሕፈቱን ለቅቄያለሁ።»

«አንቺም ጎጆ አልወጣሽም።»

«ለዚያም መድኃኒቱ ያው ነው፣ አባዬ።»

አንድ ሰው ከላይ ሳቀና ቶሎ ተወው፤ አባዬ አልሳቀም ነበርና። ያወጣውን መነጽር እያጠፈ እየዘረጋ ሳሯን ያያታል። ሲናገር የዳኛው ድምፅ የለም፤ እኔ ብቻ የማውቀው፣ እናቴ የሞተች ሰሞን የነበረው ድምፅ ነው።

«ለእኔስ?» አለ። «ማታ በሩን ከፍተሽ የምትገቢው አንቺ ነሽ። አንቺ ስትሄጂ ለእኔ ማነው ዋሴ?»

ያን ጊዜ አለቀስኩ። ፋሲካ ይለፍ ያለውም፣ ቤተሰቡን ላጣራ ያለውም ይህንኑ ነበር፤ ብቻዬን መቅረት ፈራሁ ማለት አቅቶት ከወር ወር ሲገፋን ከርሟል። እኔም አውቄው ነበር፣ አላውቅም እያልኩ።

ታዲዎስ ካልሲ በሌለው እግሩ ሳሯን ዞሮ መጣ፤ በክልሉ ውስጥ አልረገጠም። አባዬ ፊት ሲደርስ ጎንበስ አለ።

«እኔ እሆናለሁ፣ አባባ።»

አባዬ ቀና ብሎ ረጅም ጊዜ አየው። «ዋስ የገባ ሰው ምን እንደሚደርስበት ታውቃለህ?»

«ይያዛል።»

«እንግዲያው ተይዘሃል» አለ አባዬ፣ ከወንበሩ ሊነሳ ክንዱን ያዘው። የአባዬ የሰንበት ሱሪ ጉልበቱ ላይ ጭቃ ነበር። ሽማግሌዎቹ እልል በሉ ብለው ሴቶቹን ሲያዙ፣ እትዬ ጀሚላ እኔን ሲያቅፉኝ፣ አባዬና ታዲዎስ ቀስ እያሉ ወደ ግቢው በር ሄዱ፤ አባዬ ስለ ወል ይዞታ እያስረዳው ነበር። መኪና እስኪመጣ ድረስ አስፋልቱ ዳር ቆሙ፣ አባዬም ክንዱን አልለቀቀውም።